ማሽንና ጥሬ ዕቃ ከቀረጥ ነፃ ለማስገባት፦ ለሰሜን ሸዋ አምራቾች ዝርዝር መመሪያ

የቀረጥ ነፃ መብት የሚገኘውም የሚጠፋውም ዕቃው ከመታዘዙ በፊት ነው። ኮንቴይነሩ ሞጆ ደረቅ ወደብ ከደረሰ በኋላ ደብዳቤ ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ የሚዞር አምራች መብቱ ቢኖረውም እንኳ በየቀኑ የመጋዘንና የኮንቴይነር ክፍያ ይቆጠርበታል። በደብረ ብርሃን፣ በአረርቲ፣ በሸዋ ሮቢትና በአካባቢው ወርክሾፕ ወይም ፋብሪካ ለመክፈት የተነሱ ብዙ ሰዎች አቅማቸውን የሚጨርሱት በማሽኑ ዋጋ ላይ አይደለም። ቅደም ተከተሉን ሳያውቁ በመጀመራቸው ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእነሱ ነው።

መጀመሪያ የገንዘቡን ልክ እወቁ

ወደ ሀገር የሚገባ ዕቃ ላይ ታክሱ በደረጃ፣ አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባል። ዋጋው፣ መድኑና የማጓጓዣ ወጪው ተደምሮ 1,000,000 ብር የሆነ፣ 30 በመቶ ቀረጥ የተጣለበትና ኤክሳይዝ ታክስ የማይመለከተው ዕቃ እንውሰድ። ቀረጡ 300,000 ብር ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ የሚሰላው በ1,300,000 ላይ ስለሆነ 195,000 ብር ይሆናል። ሱር ታክስ የሚባለው ተደራቢ ታክስ 10 በመቶ የሚሰላው ደግሞ ይህ ሁሉ ተደምሮ በ1,495,000 ላይ ነው፤ 149,500 ብር። በቅድሚያ የሚከፈለው 3 በመቶ የገቢ ግብር 30,000፣ 3 በመቶው የማኅበራዊ ልማት ቀረጥም 30,000 ብር። ድምሩ 704,500 ብር ነው።

ማሽኖች ላይ ያለው የቀረጥ መጣኔ ብዙ ጊዜ ከ30 በመቶ ያነሰ ነው፤ ጣሪያው ለማንኛውም ዕቃ 35 በመቶ ነው። ቢሆንም ቀረጡ ዝቅ ያለ ዕቃም ቢሆን ተጨማሪ እሴት ታክሱ ይከተለዋል። ስለዚህ የቢዝነስ ዕቅድ ስትሠሩ ሁለት ስሌት አዘጋጁ፤ አንዱ መብቱ ሲፈቀድ፣ ሌላው ሳይፈቀድ ሲቀር። ሁለተኛው ስሌት ድርጅቱን የሚያፈርስ ከሆነ መብቱን በጽሑፍ ሳትይዙ አንድ ብር ቅድሚያ ክፍያ አትላኩ።

ዕቃው የተከለከለ ወይም የተገደበ መሆኑን አጣሩ

በየገበያው «ኮታ» እየተባለ የሚወራው ነገር በእኛ ሀገር አንድ ዓይነት አይደለም። ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ፤ መፍትሔያቸውም ይለያያል።

የመጀመሪያው ጨርሶ መከልከል ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በጥር 2016 ይፋ የተደረገው ውሳኔ ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው። በአንጻሩ ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች በ2014 የወጣው ማበረታቻ ሙሉ በሙሉ ተበታትነው ለሚገቡት ቀረጡን ዜሮ፣ በከፊል ተገጣጥመው ለሚገቡት 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚመጡት 15 በመቶ አድርጎታል። መንግሥት ምን እንዲሠራ እንደሚፈልግ ከእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ይነበባል፤ እዚህ የሚገጣጥም ይጠቀማል፣ ያለቀለት ዕቃ የሚያመጣ ይከፍላል። ሌሎች የታሪፍ መስመሮችንም በዚህ ዓይን ተመልከቷቸው።

ሁለተኛው የውጭ ምንዛሪ ገደብ ነው። በጥቅምት 2015 በ38 የዕቃ ምድቦች ላይ ባንኮች ሌተር ኦፍ ክሬዲት (ባንክ ለውጭ ሻጭ ክፍያውን የሚያረጋግጥበት ሰነድ) እንዳይከፍቱ ታዞ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ይህ እገዳ ተነሥቷል፤ ባንኮች በቅደም ተከተል ምንዛሪ የሚደለድሉበት አሠራርም አብሮ ቀርቷል። ዛሬም «ያ ዕቃ እኮ በ38ቱ ውስጥ ነው» እያሉ የሚመልሱ ደላሎች ስላሉ ይህን ቀን ያዙት።

ሦስተኛው በቀረጥ ቅናሽ ወይም በቀረጥ ነፃ የሚገባው ጥሬ ዕቃ መጠን ነው። አምራቹን በየዓመቱ የሚነካው እውነተኛው ኮታ ይህ ነው፤ ከታች በሰፊው እመለስበታለሁ።

የትኛው በር የእናንተ እንደሆነ ለዩ

ማበረታቻው አንድ ወጥ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ዓይነት ዕቃ የራሱ ሕግና የራሱ ቢሮ አለው።

ፋብሪካ ለማቋቋም ወይም ለማስፋፋት የሚያስፈልግ ማሽንና የግንባታ ዕቃ የሚስተናገደው በኢንቨስትመንት ሕግ ነው። መሠረቱ የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 ሲሆን ዝርዝሩ በማበረታቻ ደንብ ቁጥር 517/2014 እና ገንዘብ ሚኒስቴር በሚያወጣው መመሪያ ውስጥ ይገኛል። ይህ ደንብ የተካው የቀድሞውን ደንብ ቁጥር 270/2005 ነው። አሮጌው ደንብ መለዋወጫን እስከ ካፒታል ዕቃው (የማሽንና የመሣሪያው) ዋጋ 15 በመቶ ይፈቅድ ስለነበር ሰው ሁሉ ያንን ቁጥር በቃሉ ይዞታል። እናንተ ግን የምትከራከሩት በአዲሱ ደንብ ነውና ለዘርፋችሁ የተቀመጠውን ከፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት በደብዳቤ አስጽፋችሁ ያዙ።

ለሀገር ውስጥ ገበያ የሚያመርት ሰው የሚያስገባው ጥሬ ዕቃና አካል በጉምሩክ ታሪፍ መጽሐፍ ሁለተኛ መደብ ይታያል። አንድ ዕቃ ለነጋዴ ሲገባ በአንደኛው መደብ የሚከፍለው ቀረጥ፣ ያው ዕቃ በአምራች እጅ ግብዓት ሆኖ ሲገባ ዝቅ ሊል ይችላል። ይህን መደብ ብዙ ትንንሽ አምራቾች አያውቁትም። ከአስመጪ ነጋዴ በውድ የሚገዙትን ግብዓት በራሳቸው ስም ቢያስገቡ ምን ያህል እንደሚቀንስላቸው አስልተው አያውቁም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህንን ያዙ።

ምርቱን ወደ ውጭ የሚልክ ደግሞ በኤክስፖርት ቀረጥ ማበረታቻ አዋጅ ቁጥር 768/2004 ይስተናገዳል። ከፍሎ ማስገባትና ምርቱን ሲልክ ማስመለስ፣ በቫውቸር ሳይከፍል ማስገባት፣ ወይም በቦንድድ (ቀረጥ ሳይከፈል በጉምሩክ ቁጥጥር ሥር በሚሠራ) ፋብሪካና መጋዘን መሥራት አማራጮቹ ናቸው። ከምርታችሁ ጥቂቱ ብቻ ወደ ውጭ የሚሄድ ከሆነ የቀረጥ ተመላሹ ይስማማችኋል፤ ቫውቸር ጥሩ የሂሳብ ሠራተኛና ጥብቅ የመጋዘን መዝገብ ይፈልጋል።

ዕቃውን እዚሁ መግዛትም በር ነው። መብቱ ያለው ባለሀብት ከሀገር ውስጥ አምራች ካፒታል ዕቃ ወይም የግንባታ ዕቃ ሲገዛ፣ ለዚያ ዕቃ ማምረቻ በገባው ጥሬ ዕቃ ላይ የተከፈለው ቀረጥ የሚመለስበት ሥርዓት አለ። የብረት ጣሪያ፣ የብረት መዋቅር ወይም የውሃ ታንከር ከውጭ ከማዘዛችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።

ፈቃዱን ከትክክለኛው ቢሮ አውጡ

ሙሉ በሙሉ የሀገር ውስጥ ባለሀብት ከሆናችሁ የኢንቨስትመንት ፈቃዱ የክልሉ ነው። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ያለ የከተማ አስተዳደሩን መምሪያ፣ በምንጃር ሸንኮራ፣ በመንዝ፣ በመርሐቤቴ ወይም በቀወት ያለ ደግሞ የወረዳውንና የዞኑን መምሪያ ይዞ ይሄዳል። የውጭ ባለሀብት ወይም ሽርክና ያለበት፣ እንዲሁም በደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የሚሠራ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ኮሚሽንን ይመለከታል።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ልብ በሉ። በኦሮሚያ ክልልም መቀመጫው ፍቼ የሆነ ሰሜን ሸዋ ዞን አለ። በደብዳቤ፣ በማመልከቻና በኮምፒውተር ሥርዓቱ ላይ ስትሞሉ «አማራ ክልል» የሚለው በግልጽ ይግባ፤ «ሰሜን ሸዋ ዞን» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ አዲስ አበባ ላይ በተሳሳተ ፋይል ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል።

ፈቃዱ ላይ የተጻፈው የሥራ መስክ ከምታስገቡት ማሽን ጋር መናበብ አለበት። «የብርድ ልብስ ማምረት» የሚል ፈቃድ የያዘ ሰው የሥራ ልብስ መስፊያ ማሽን ሲጠይቅ ይመለሳል። ለሁለቱም ከሆነ ሐሳባችሁ ከመጀመሪያው ሁለቱንም አስጽፉ፤ በኋላ ማሻሻል ይቻላል፣ ጊዜ ግን ይበላል።

የዕቃ ዝርዝሩን ጻፉ፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ

በማመልከቻው ሁሉ ውስጥ ክብደት ያለው ወረቀት በተለምዶ ማስተር ሊስት የሚባለው የዕቃ ዝርዝር ነው። ፈቃድ ሰጪው የሚያጸድቀው እሱን ነው፤ ጉምሩክም እያንዳንዱን ዕቃ ከእሱ ላይ ይቀንሳል። በዝርዝሩ ያልተጻፈ ዕቃ ለዚያ ፕሮጀክት የማይፈለግ ተደርጎ ይወሰዳል።

«ማሽን፣ 20» ብሎ መጻፍ ችግር መጋበዝ ነው። ጥሩ የተጻፈ መስመር የሚከተለውን ይመስላል፦ «የኢንዱስትሪ ልብስ ስፌት ማሽን፣ ባለ አንድ መርፌ፣ ከነሞተሩና ከነጠረጴዛው፣ የታሪፍ ምዕራፍ 84 አርዕስት 8452፣ ብዛት 20፣ የአንዱ ግምታዊ ዋጋ ይህን ያህል ዶላር»። የማሸጊያና የመሙያ ማሽን ከሆነ አርዕስቱ 8422 ነው፤ የእህል ወፍጮ ማሽን 8437። የታሪፍ ቁጥሩን ራሳችሁ ፈልጉት፣ ከዚያ ልምድ ያለው የጉምሩክ አስተላላፊ ያረጋግጥላችሁ። ሁለት ባለሙያ ሁለት ቁጥር ከሰጣችሁ በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 መሠረት ስለ ዕቃው ምደባ ቅድሚያ ውሳኔ በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል። ይህ መብት ተጽፎ እያለ የሚጠቀምበት ሰው ማነሱ ያሳዝነኛል።

ከዋናው ማሽን ይልቅ ዕዳ የሚያመጣው አብሮት የሚመጣው ነው። አንድ የማውቀው አምራች የጠርሙስ መሙያ መስመር ከነመሣሪያው ሲያስመጣ ዝርዝሩ ላይ መሙያውን ብቻ ጻፈ። የአየር መጭመቂያው፣ ማጓጓዣ ቀበቶው፣ የቀን ማተሚያው፣ የውሃ ማጣሪያው በኢንቮይሱ ላይ በየራሳቸው መስመር ተዘርዝረው መጡ። የፍተሻ ሠራተኛው በዝርዝሩ ያላገኛቸውን በሙሉ ለብቻ አስቀመጣቸው፤ ታክሳቸውም ተሰላ። አስተላላፊው «ጋሼ፣ ሻጩ እንደ አንድ ስብስብ ቢጽፈው ኖሮ ወይም እርስዎ አስቀድመው ቢያስመዘግቡት ኖሮ» አለው፤ ነገሩ ግን አልፎ ነበር። እንግዲህ ሻጩን ከፕሮፎርማው (ከዋጋ ማቅረቢያው) ጋር ሙሉ የማሸጊያ ዝርዝር ላክልኝ በሉት። በየሳጥኑ ምን እንዳለ እያያችሁ ማስተር ሊስቱን በዚያ ልክ ጻፉ። ኬብል፣ ትራንስፎርመር፣ ጄኔሬተር፣ የላቦራቶሪ መሣሪያ፣ ሻጋታ የመሳሰሉት አይረሱ።

ዝርዝሩ፣ ፕሮፎርማው፣ የባንክ ፈቃዱ፣ ኢንቮይሱና ዲክላራሲዮኑ (ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ መግለጫ) ለአንድ ዕቃ አንድ ስም ይጠቀሙ። በአንዱ «ኮምፕሬሰር» በሌላው «የአየር ፓምፕ» ከተባለ ሠራተኛው ሁለት ዕቃ ነው ብሎ የማሰብ መብት አለው።

ከዝርዝሩ ጋር ብዙ ጊዜ የሚጠየቁት የፈቃዱ ቅጂ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የአዋጭነት ጥናት፣ የመሬት ይዞታ ወይም የኪራይ ውል፣ ለግንባታ ዕቃ ደግሞ የጸደቀ ዲዛይንና የሥራ ዝርዝር ናቸው። ሲሚንቶና ብረት የሚፈቀደው ዲዛይኑ ላይ በተሰላው ልክ ነው፤ ዲዛይኑን ያዘጋጀው መሐንዲስ ብዛቱን በዝርዝር አስልቶ ይፈርምላችሁ።

የጥሬ ዕቃ መጠን፦ እውነተኛው ኮታ

በሁለተኛው መደብም ሆነ በቫውቸር የሚገባ ግብዓት «የፈለግሁትን ያህል» ተብሎ አይገባም። ማሽኖቻችሁ ምን ያህል እንደሚያመርቱና ለአንድ ምርት ምን ያህል ግብዓት እንደሚገባ ተሰልቶ ዓመታዊ ፍላጎታችሁ ይወሰናል። በሙያው አነጋገር የግብዓትና የምርት ጥምርታ ይባላል። ባለሙያ ፋብሪካው ድረስ መጥቶ ማሽን ቆጥሮ፣ የምርት መዝገብ አይቶ ሊያረጋግጥ ይችላል።

አንድ የሥራ ልብስ ሰፊ በቀን 200 ቱታ ያመርታል እንበል። በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 60,000 ቱታ ነው። ለአንዱ 2.2 ሜትር ጨርቅ ከገባ 132,000 ሜትር ይፈለጋል። 5 በመቶ ብክነት ሲጨመር 138,600 ሜትር ይሆናል። ማመልከቻው ላይ 200,000 ሜትር የጻፈ ሰው የቀረውን 61,400 ሜትር ለማን ሊሸጥ ነው ተብሎ ይጠየቃል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። 90,000 ሜትር የጻፈ ደግሞ በስምንተኛው ወር ገደማ ጨርቅ አልቆበት ከመርካቶ በሙሉ ዋጋ ይገዛል።

ብክነቱን ከልባችሁ አትጻፉ። ለአንድ ወር የቁርጥራጩን ክብደት እየመዘናችሁ መዝግቡ፤ ያ መዝገብ ከማንኛውም ክርክር ይበልጣል። የመብራት መቋረጥ የሥራ ቀናችሁን የሚቀንስ ከሆነም በስሌቱ ውስጥ ይግባ። የተገጠመ አቅም ሌላ፣ የሚሠራ አቅም ሌላ ነው፤ ሁለቱንም ለይታችሁ አሳዩ። ምርታችሁ ከተጠበቀው በላይ ካደገ ጭማሪ የሚጠየቀው ያለፈው ግብዓት ምን ላይ እንደዋለ ሲታይ ነው። ስለዚህ የመጋዘን ገቢና ወጪ ካርድ ከመጀመሪያው ቀን ይጀመር።

እዚሁ አካባቢ የሚመረት ግብዓት ካለም አስቡበት። ደብረ ብርሃን ላይ የብቅል ፋብሪካ ከተከፈተ ወዲህ የሰሜን ሸዋ ገብስ ለቢራ ፋብሪካ የሚሆን ብቅል እዚሁ እየሆነ ነው። በሀገር ውስጥ በበቂ የሚገኝ ግብዓት ላይ የሚቀርብ የቀረጥ ቅናሽ ጥያቄ ደካማ ጥያቄ ነው።

ባንክና ግዢ

ዝርዝሩ ጸድቆ በእጃችሁ ሲገባ ብቻ ወደ ባንክ ሂዱ። ፕሮፎርማው በጸደቀው ዝርዝር ልክ ታድሶ ይምጣ። በሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ላይ ሻጩ የሚያቀርባቸው ሰነዶች በዝርዝር ይጻፉ፤ ኢንቮይስ፣ የማሸጊያ ዝርዝር፣ የጭነት ሰነድና የትውልድ ሀገር ማስረጃ። ዕቃው ከኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) አባል ሀገር የሚመጣ ከሆነ የኮሜሳ የትውልድ ማስረጃ በአንደኛው መደብ ቀረጥ ላይ 10 በመቶ ቅናሽ ያስገኛል። አስገዳጅ ደረጃ የወጣለት ዕቃ ከሆነ የጥራት ማረጋገጫው ከመጫኑ በፊት ይዘጋጅ።

ገንዘቡ የማይበቃ ከሆነ የማሽን ኪራይ ፋይናንስን ተመልከቱ። የኢትዮጵያ ልማት ባንክና በአማራ ክልል ዋልያ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ በዚህ ሥራ ላይ ናቸው። በዚህ መንገድ ዕቃው የሚገባው በአከራዩ ስም ስለሆነ የቀረጥ ነፃ ደብዳቤው በማን ስም እንደሚጻፍ ከፊርማው በፊት ተስማሙ።

ሞጆ

መርከቡ ጅቡቲ ከመድረሱ በፊት የጭነት ሰነዱን ለአስተላላፊው አድርሱ። የቀረጥ ነፃ ፈቃዱ በጉምሩክ ሥርዓቱ ውስጥ መግባቱን በስልክ አትመኑ፤ አስተላላፊው ከፍቶ ያሳያችሁ። የብዙ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤቶች ማረጋገጫ ዛሬ የሚያልፈው በኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት፣ ማለትም መሥሪያ ቤቶቹን በኮምፒውተር በሚያገናኘው የጋራ ሥርዓት ነው።

ዲክላራሲዮኑ እንደ ስጋት ደረጃው በአረንጓዴ፣ በቢጫ ወይም በቀይ መስመር ይወጣል። ቀይ ከሆነ ዕቃው ተከፍቶ ይታያል፤ ያን ቀን ማሽኑን የሚያውቅ ቴክኒሻን ይዛችሁ ተገኙ። ካታሎግና የማሽኑ መለያ ቁጥር ፎቶ በእጃችሁ ይሁን። በውሳኔው ካልተስማማችሁ በቃል ከመሟገት በጽሑፍ አቤቱታ አቅርቡ፤ ከጉምሩክ ኮሚሽን የቅሬታ አጣሪ ቀጥሎ የግብር ይግባኝ ሰሚ ኮሚሽን አለ።

ጭነቱን ወደ አረርቲ የምትወስዱ መንገዱ አጭር ነው። ወደ ደብረ ብርሃን ግን አዲስ አበባን አልፎ 130 ኪሎ ሜትር ይቀራል፤ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት የጣርማ በር ቁልቁለት አለ። መድኑ እስከ ፋብሪካው በር የሚሸፍን ይሁን፤ ብዙ ፖሊሲዎች ደረቅ ወደቡ ላይ ያበቃሉ።

ከገባ በኋላ

በቀረጥ ነፃ የገባ ዕቃ ለገባበት ሥራ ብቻ ነው የሚውለው። ለመሸጥ ወይም ለማስተላለፍ ገዢው ተመሳሳይ መብት ያለው መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ቀረጡና ታክሱ ተከፍሎ ነው። አስቀድሞ የጉምሩክን ፈቃድ ሳይዙ መሸጥ ዕዳ ብቻ አይደለም፣ በወንጀልም ያስጠይቃል። ለጎረቤት ፋብሪካ «ለጊዜው» ማዋስም እንዲሁ አደገኛ ነው።

ዕቃ ከወጣ በኋላ የሚደረግ ኦዲት ከዓመታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ዲክላራሲዮኑን፣ ኢንቮይሱን፣ የጸደቀውን ዝርዝር፣ የባንክ ሰነዱንና የጥሬ ዕቃ መዝገቡን ቢያንስ ለ5 ዓመት በአንድ ፋይል አኑሩ፤ ቅጂውን ከፋብሪካው ውጭ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። በየማሽኑ ላይ የዲክላራሲዮኑን ቁጥር የያዘ ትንሽ ሳህን ለጥፉ። ኦዲተሩ ሲመጣ ማሽኑን ከወረቀቱ ጋር የሚያገናኘው እሱ ነው፤ ማሽኑ ተነቅሎ ወደ ሌላ ሼድ ቢዛወር እንኳ ቁጥሩ አብሮት ይሄዳል።